ስምጥ፣ ስንጥቅና ቦረቦር፦ በመግቢያ የመሬት ሳይንስ የመረጃ ምርመራ ውስጥ የቃል ድርሻ

1. መግቢያ

የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመሬት ሳይንስን ለረጅም ጊዜ የተማረው ከመጽሐፍና ከመምህሩ ገለጻ ነው። የዓለት ዓይነቶችን ያጠናል፣ የፕሌቶችን ድንበር በካርታ ላይ ያሠምራል፣ ፈተና ሲደርስ ትርጓሜዎችን ይጽፋል። የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገቦች፣ የሳተላይት የዝናብ ግምቶችና የጂፒኤስ ልኬቶች በበይነ መረብ ለማንም ክፍት ከሆኑ ወዲህ ግን ሌላ የማስተማሪያ መንገድ ተፈጥሯል። በዚህ መንገድ ተማሪው አንድ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ባለሙያው የሚጠቀምበትን መረጃ ራሱ ያወርዳል፤ ሰንጠረዡንና ካርታውን አንብቦ መልሱን በማስረጃ ይከራከርበታል። ዘዴው የመረጃ ምርመራ ይባላል።

ይህ ጽሑፍ ዘዴውን የሚመለከተው ከቋንቋ አንጻር ነው። ትርጓሜ በመሸምደድ ላይ በቆመ ትምህርት ውስጥ ቃሉ የመማሩ ውጤት ነበር፤ በመረጃ ምርመራ ውስጥ ግን ቃሉ የማስረጃው አካል ይሆናል። የሰንጠረዥ አርእስት፣ የወቅት ስም፣ «ስምጥ ሸለቆ» የሚለው ስያሜ ራሱ ተማሪው ቁጥሮቹን ከማየቱ በፊት አንድ መላምት ያቀብሉታል። ስለዚህ የቃል ሥራ በኮርሱ መጨረሻ በሚለጠፍ የቃላት ፍቺ ሊወሰን አይገባውም፤ ከምርመራው የመጀመሪያ ሰዓት ጀምሮ የምርመራው አንድ ክፍል መሆን ይኖርበታል። ለማብራሪያ የተመረጡት ጉዳዮች ከናይሮቢና ከአካባቢዋ እንዲሁም ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የተወሰዱ ናቸው። የንጽጽሩ ቋንቋዎች በዋናነት ስዋሂሊና አማርኛ ሲሆኑ ኦሮምኛ በአንድ ቦታ ይገባል።

2. መረጃውና ቦታው

ናይሮቢ ለዚህ ዓይነት ትምህርት አመቺ ከተማ ናት። ለልማት የሚውሉ ሀብቶች ካርታ ሥራ አህጉራዊ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1975 ከተመሠረተ ጀምሮ በዚያው ይገኛል። የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያና አገልግሎት ማዕከልም መቀመጫው በከተማዋ ዳርቻ ሲሆን ለምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የወቅት ትንበያ ያወጣል። ከከተማዋ በስተምዕራብ ከአንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ የመኪና ጉዞ ተማሪውን ከስምጥ ሸለቆው ወለል ያደርሰዋል። ማስረጃው ያለበት መሬትና መረጃው የሚሰናዳበት ተቋም የተጎራበቱበት ከተማ ብዙ አይገኝም።

ለመግቢያ ኮርስ ሦስት የመረጃ ምንጮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ጊዜን፣ ኬክሮስን፣ ኬንትሮስን፣ ጥልቀትንና መጠንን ይይዛል። ሁለተኛው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ግቢ የተዘጋጀውና ቺርፕስ በሚል ስም የሚታወቀው የዝናብ መረጃ ነው፤ ከ1981 ጀምሮ ያለውን ጊዜ ይሸፍናል፣ የሳተላይት ግምትን ከመሬት ጣቢያ ልኬት ጋር ያዋህዳል። ሦስተኛው የኔቫዳ ጂኦዴቲክ ላቦራቶሪ የሚያወጣው የጂፒኤስ ጣቢያዎች የቦታ ለውጥ መዝገብ ሲሆን በናይሮቢ፣ በማሊንዲና በአዲስ አበባ የተተከሉ ጣቢያዎችም ይገኙበታል። ፋይሎቹ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ግንኙነት በማይኖርበት ክፍልም ሊሠራባቸው ይችላል።

ሦስቱም ምንጮች የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ይህ ችግር ላይመስል ይችላል። ነገር ግን ተማሪው ስለ መሬትና ስለ ዝናብ ያለው ዕውቀት የተቀመጠው በቤቱ ቋንቋ ነው፤ የምርመራው ውጤት የሚያስፈልጋቸው ሰዎችም በአብዛኛው ሰንጠረዡን በእንግሊዝኛ የማያነቡ ናቸው።

3. የማይ ማሂዩ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ከናይሮቢ በስተምዕራብ፣ ከማይ ማሂዩ ወደ ናሮክ በሚወስደው መንገድ በሱስዋ አቅራቢያ፣ መሬቱ ተከፍቶ መንገዱን ቆረጠው። ጥልቀቱም ወርዱም በሜትር የሚለካ ነበር። ወሬው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ፤ «አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ነው» ተባለ። ብዙዎች የሥነ ምድር ባለሙያዎች ግን ከባዱ የመጋቢት ዝናብ ልቅ የሆነውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከውስጥ አጥቦ እንዳስወጣውና ላዩ እንደተደረመሰ አስረዱ። ከሥሩ የቆየ ስብራት ሊኖር እንደሚችል የገለጹም አሉ።

ለመግቢያ ክፍል ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ማግኘት ያስቸግራል፦ በሱስዋ የተከፈተው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ስያሜው ቀድሞ ይገባል። ስዋሂሊ ስምጥ ሸለቆውን «ቦንዴ ላ ኡፋ» ይለዋል፤ «ቦንዴ» ሸለቆ፣ «ኡፋ» ስንጥቅ ነው። በስዋሂሊ የሚያስብ ተማሪ «የስንጥቅ ሸለቆ» በሚባል ስፍራ አዲስ ስንጥቅ መከፈቱን ሲሰማ ሁለቱን ለማገናኘት አንድም የሐሳብ እርምጃ አያስፈልገውም፤ ቋንቋው አገናኝቶ አስቀምጦለታል። የአማርኛው «ስምጥ ሸለቆ» ግን የሚናገረው ስለ መስመጥ ነው፤ ወለሉ በሁለት ከፍታዎች መካከል ወደ ታች መውረዱን እንጂ መሬቱ ወደ ጎን መከፈቱን አይገልጽም። ይህ ልዩነት በአውሮፓ የሳይንስ ቋንቋዎችም ውስጥ አለ። ኤድዋርድ ዙስ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሲጽፍ የተጠቀመበት የጀርመንኛ ቃል «ግራበን» ትርጉሙ ቦይ ወይም ጉድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በኬንያ የተጓዘው ጆን ዋልተር ግሪጎሪ ያስፋፋው «ሪፍት» ደግሞ መሰንጠቅን ያመለክታል። የአማርኛው ስም ለዙስ፣ የስዋሂሊው ለግሪጎሪ ይቀርባል። ሁለቱም ስሞች እውነት አላቸው፤ ሸለቆው የሚሰምጠው ስለሚለጠጥ ነው። እያንዳንዱ ስም ግን የክስተቱን አንድ ገጽ ብቻ ያሳያል።

አሁን ተማሪው ወደ ቁጥሮቹ ይሄዳል። የጂፒኤሱ መዝገብ በመጀመሪያ ያሳስተዋል፤ የናይሮቢ፣ የማሊንዲና የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ሁሉ በዓመት ወደ 3 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛሉ። ይህ ግን አብሮ መጓዝ እንጂ መለያየት አይደለም። ስለ መለያየት የሚናገረው በጣቢያዎቹ ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት ሲሆን እርሱም በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዓመት 3 ሚሊሜትር ቢታሰብ እንኳ አንድ ሜትር ለመከፈት ከ330 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ የሱስዋው ክፍተት ግን የታየው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። «እንቅስቃሴ» የሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም ነገር ስለሚሸፍን፣ «መጓዝ» እና «መለያየት» የሚሉት ግሦች ተለይተው ካልቀረቡ ስሌቱ ይበላሻል።

ብልህ ተማሪ እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል፦ መለጠጡ በአማካይ ዝግ ያለ ቢሆንም በድንገት ሊፈጸም አይችልም ወይ? ይችላል። በአፋር፣ በደባሁ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ቀልጦ የወጣ ዓለት 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ከመሬት በታች ገብቶ ቅርፊቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ከፍቶታል። የዚያን ጊዜው የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ግን በተከታታይ ንዝረቶች የተሞላ ነው። ለሱስዋው ሳምንት ተመሳሳይ ፍለጋ ሲደረግ በአካባቢው ክፍተቱን የሚያብራራ ትልቅ ንዝረት አይገኝም፤ የዝናቡ መረጃ በአንጻሩ ከተለመደው እጅግ የበዛ መጋቢትን ያሳያል። ስለዚህ ማስረጃው ወደ ውሃ ያመዝናል።

ይህን ውጤት ለመግለጽ ሌላ ቃል ያስፈልጋል። አማርኛ ጎርፍ የሸረሸረውን ገደል «ቦረቦር» ይለዋል፤ በስዋሂሊ ለዚህ የሚቀርበው «ኮሮንጎ» ነው። የቃሉ ምርጫ ለነዋሪው የሚያስከትለው ብዙ ነው። የአህጉር መሰንጠቅ ከሆነ ገበሬው ቤቱን ነቅሎ ከመሄድ በቀር የሚያደርገው የለም፤ ቦረቦር ከሆነ ግን እርከን፣ ክትርና የመንገድ ውሃ ማፋሰሻ አለው፤ ማፋሰሻውን መሥራት የነበረበት አካልም ይኖራል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2024 በዚያው በማይ ማሂዩ ሌሊት የወረደ ጎርፍ በርካታ ሰዎችን ሲገድል መጀመሪያ የተሰማው ግድብ ተደረመሰ የሚል ነበር። ኋላ ባለሥልጣናት ከባቡር ሐዲድ ሥር ያለ የውሃ ማሳለፊያ በፍርስራሽ ተደፍኖ ውሃ አጠራቅሞ እንደነበር ገለጹ። «ግድብ» እና «የተደፈነ ማሳለፊያ» ለጠያቂው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያስነሣሉ።

4. ሰዓቱና ሌሊቱ

የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ የመጀመሪያው ዓምድ ጊዜ ሲሆን የሚጻፈው ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በፈንታሌ አካባቢ ከ2024 መስከረም ጀምሮ ሲደጋገም ከቆየው መንቀጥቀጥ ብርቱ ከሆኑት አንዱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2025፣ 00፡52 ላይ ነው። ናይሮቢና አዲስ አበባ የሚጋሩት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ሦስት ሰዓት ሲደምርበት 3፡52 ይሆናል። በአማርኛ አቆጣጠር ግን ክስተቱ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ነው። ስዋሂሊም ሰዓትን ከንጋትና ከምሽት ተነሥቶ ስለሚቆጥር «ሳ ቲሳ ኡሲኩ» ይላል፤ ትርጉሙ የሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። «ሳ» ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ለአማርኛው «ሰዓት» ዘመድ ነው። በሁለቱ ቋንቋዎች የሚያስብ ተማሪ መለወጫው አጭር ነው፦ ከዩቲሲው ሰዓት ሦስት መቀነስ፣ ሲያስፈልግ አስቀድሞ ዐሥራ ሁለት መደመር።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ያ ሌሊት በአማርኛ «ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ» ይባላል። ስዋሂሊም «ኡሲኩ ዋ ኩአምኪያ ጁማሞሲ» ይላል፤ ወደ ቅዳሜ የሚነጋው ሌሊት እንደማለት ነው። በዘር ግንድ የማይገናኙ ሁለት ቋንቋዎች ሌሊቱን በሁለት ቀናት መካከል እንደ ድልድይ ያስቀምጡታል፤ ሰንጠረዡ ግን በእኩለ ሌሊት ይቆርጠዋል። ተማሪው የአካባቢ ነዋሪዎችን ምስክርነት ከመዝገቡ ጋር ሲያነጻጽር «ዓርብ ሌሊት» ያለ ምስክር ተሳስቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። የተሳሳተ ግን የለም፤ የተለያየው የቀኑ ወሰን ነው። በጽሑፍ ምንጮች ላይ ለሚሠራ ሰው ነጥቡ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መሣሪያ ያልነበረባቸውን ዘመናት ከዜና መዋዕሎችና ከተጓዦች ማስታወሻዎች አሰባስቧል። በእንዲህ ያለ ሥራ የቀንና የሰዓት አቆጣጠርን ማስታረቅ ከሳይንሱ አይነጠልም።

5. «ነው» እና «ተብሎ ተይዟል»

የፈንታሌን መዝገብ የሚከፍት ተማሪ በጥልቀት ዓምድ ሥር 10 የሚለውን ቁጥር ደጋግሞ ያገኛል። ሁሉም መንቀጥቀጦች የተነሡት ከ10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ነው ብሎ መደምደም የመጀመሪያው ስሕተት ነው። በአቅራቢያ በቂ ጣቢያ ሳይኖር ጥልቀቱን በአስተማማኝ ሁኔታ ማስላት ሲያቅት ስሌቱ እንዲቀጥል 10 ኪሎ ሜትር የሚባል የተወሰነ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከልኬት የመጣ ሳይሆን ለስሌቱ ሲባል የተመደበ ነው።

በሰንጠረዡ ላይ የተለካውና የተመደበው ቁጥር አንድ መልክ አላቸው፤ ልዩነቱን መሸከም የሚችለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አማርኛ ለዚህ በቂ መሣሪያ አለው፦ «ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው»፣ «10 ተብሎ ተይዟል»፣ «10 እንደሚሆን ተገምቷል»፣ «ከ10 ሳይበልጥ አይቀርም»። ስዋሂሊም «ኒ» ከሚለው ማሰሪያ ሌላ «ኢሜካዲሪዋ» ማለትም ተገምቷል፣ «ኢናቹኩሊዋ ኩዋ» ማለትም እንዲህ ተደርጎ ይወሰዳል የሚሉ አገላለጾች አሉት። ስለ ዝናቡም እንዲሁ ነው፤ የቺርፕስ ቁጥር የሳተላይት ግምትና የጣቢያ ልኬት ቅልቅል በመሆኑ ጣቢያ በሌለበት ቆላ «80 ሚሊሜትር ዘነበ» ከማለት «80 ሚሊሜትር ተገምቷል» ማለት ይቀድማል።

የሳይንስ የቃላት ዝርዝሮች በአብዛኛው የሚሰበስቡት ስሞችን ነው። የመረጃ ምርመራ የሚያጋልጠው ክፍተት ግን ያለው በግሥና በማሰሪያ በኩል ነው፦ ተለካ፣ ተሰላ፣ ተገመተ፣ ተመደበ፣ ተባለ።

6. ወቅትና «መደበኛ»

የኢጋድ ማዕከል ትንበያ የሚወጣው በወር ስብስብ ነው፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ስዋሂሊ ለመጀመሪያው «ማሲካ»፣ ለመጨረሻው «ቩሊ» የሚሉ የዝናብ ወቅት ስሞች አሉት። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ደግሞ ዓመቱን በልግ፣ ክረምትና በጋ ብሎ በአራት በአራት ወር ይከፍላል፤ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። «በልግ»ን ለመመርመር ፈልጎ በድረ ገጹ የተዘጋጀውን የሦስት ወር ምድብ የሚመርጥ ተማሪ የካቲትን ሳያውቀው ይጥላል። «ክረምት» ደግሞ በመዝገበ ቃላት ከቅዝቃዜ ወቅት ጋር ስለተዛመደ ሌላ መሰናክል አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም በኢትዮጵያ ከፍታዎች ዋናው ዝናብ ሲወርድ ናይሮቢ ያለችው «ኪፑፕዌ» በሚባለው ቀዝቃዛና ዝናብ በሚያንሰው ጊዜ ውስጥ ነው።

በአንድ ቋንቋ ውስጥም ልዩነቱ አለ። በመካከለኛው የኦሮምኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ገና» የሰኔና የሐምሌ ክረምት ነው፤ በቦረና ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋና ዝናብ ነው። በጥቅምት አካባቢ የሚዘንበውን ቦረና «ሀገያ» ይለዋል፤ በአማርኛው ክፍፍል ያው ጊዜ «በጋ» ተብሎ ደረቅ ወቅት ውስጥ ይገባል። ወቅትን በስም የሚጠይቅ ማንኛውም መልመጃ ስሙ የማን እንደሆነና የትኞቹን ወራት እንደሚይዝ ማስቀደም ይኖርበታል።

«ከመደበኛ በላይ»፣ «ወደ መደበኛ የተጠጋ» እና «ከመደበኛ በታች» የሚሉት የትንበያ መደቦችም ማብራሪያ ይሻሉ። የ30 ዓመት መዝገብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድሮ በሦስት እኩል ቦታ ሲከፈል እያንዳንዱ መደብ ዐሥር ዓመታትን ይይዛል። እንግዲህ «ከመደበኛ በታች» የሚባል ዝናብ በትርጓሜው ብቻ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል የሚያጋጥም ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን «መደበኛ» ሥርዓቱን የጠበቀ፣ የታወቀ ማለት ስለሆነ ከእርሱ መውጣት እንደ ብልሽት ይሰማል። «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው» ሲባል በርካታ ሰሚ ብዙ ዝናብ ይመጣል ብሎ ይይዘዋል፤ ቀሪው 55 በመቶ ከጆሮው አይደርስም።

7. ለማስተማሩ የሚከተለው

ከእነዚህ ጉዳዮች ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት የሰንጠረዡ አርእስቶች በሦስት ዓምድ ይጻፉ፦ በመረጃው ቋንቋ ያለው ቃል፣ ተማሪው በቤቱ ቋንቋ የሚጠራበት ቃል፣ እንዲሁም ቃሉ አስቀድሞ የሚናገረው ነገር። ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች በሚሰበሰቡበት የናይሮቢ ክፍል ሦስተኛው ዓምድ ወዲያው ይሞላል። የቦታ ስሞችም ለመነሻ ያገለግላሉ፤ ማይ ማሂዩ በኪኩዩ «ሙቅ ውሃ»፣ ናይሮቢ በማሳይ «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው፤ የአዲስ አበባው ፍል ውሃም ስሙ የሥነ ምድር መረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ የተማሪው መልስ ሲታረም እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የተለካውን፣ የተገመተውን፣ የተመደበውንና ከማስረጃ የተወሰደውን ድምዳሜ ለይቶ መግለጹ ይታይ። ይህ በእንግሊዝኛም በስዋሂሊም በአማርኛም ሊመዘን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ሥራ ውጤቱን በአካባቢው ቋንቋ በአንድ አንቀጽ ለነዋሪ ማስረዳት ይሁን። በዚህ ጊዜ ተማሪው «ስንጥቅ» ወይስ «ቦረቦር» እንደሚል መወሰን ይኖርበታል፤ ለውሳኔውም ምክንያት ማቅረብ አለበት።

የውጭውን ቃል እንዳለ መዋስ ይቀላል የሚል አስተያየት ሊቀርብ ይችላል፤ «ሪፍት» እና «አኖማሊ» በየክፍሉ እየተነገሩ ነው። መዋሱ አይነቀፍም፤ እንዲያውም የተዋሰ ቃል ለአድማጩ ባዶ ሆኖ ስለሚመጣ በአገሬው ቃል ውስጥ ያለውን የቆየ መላምት አያስከትልም። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ባዶ ቃል ለመሸምደድ የተመቸ ነው፤ የመረጃ ምርመራ ደግሞ የታሰበው ሽምደዳን ለመተካት ነው።

ለክልሉ ቋንቋዎች አጥኚዎችም ከዚህ የሚወጣ ሥራ አለ። በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሲወጡ ማስጠንቀቂያውን መስማት የነበረባቸው በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛና በአማርኛ ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች የተለካውን ከተገመተው የሚለዩት አገላለጾች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ሌሊቱ ለየትኛው ቀን እንደሚቆጠር፣ የመሬት መከፈት በስንት ስም እንደሚጠራ ተሰብስቦ መጻፍ ይኖርበታል። ሰንጠረዡ ለሁሉም ክፍት ሆኗል፤ የሚቀረው የሚነበብበትን ቃል ማሰናዳት ነው።